ነፋስ መውጫ ላይ ቀዝቃዛ አየር መሸጥ

ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው «የቻይና መንገድ» ላይ የተጫነ መኪና ደብረ ታቦርን ሲያልፍ ማርሽ መቀነስ ይጀምራል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ታቦር 2,700። ጉናን ታክኮ የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ ሲደረስ ከፍታው 3,100 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ሞተሩን የሚያደክመው ዳገቱ ብቻ አይደለም። ሜዳው ላይ እንኳ ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ቢረግጥ የወረታውን ጉልበት አያገኝም።

ለዚህ ድካም መድኃኒት ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ አለ፤ «ኮልድ ኤር ኢንቴክ» ይሉታል፣ ቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ። የፋብሪካው የፊልትሮ ሳጥን ይወጣና በምትኩ ሰፋ ያለ ለስላሳ ቱቦ ይገባል፤ ጫፉ ላይ እንደ ሞሰብ ክዳን የሾለ ክፍት ፊልትሮ ይሰካበታል። ነፋስ መውጫ ለሚባል ከተማ ቀዝቃዛ አየር መሸጥ ለቀባሪ እንደ ማርዳት ቢመስልም፣ ከዕቃው በስተጀርባ ያለው ሐሳብ እውነት አለው።

ሞተር ከነዳጅ ይልቅ የሚበላው አየር ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲነድ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። አየር ሲቀዘቅዝ ይጠብቃል፤ ሲሊንደሩ በአንድ ጉርሻ ብዙ ኦክስጅን ያገኛል። ልዩነቱ ግን ማስታወቂያው እንደሚለው አይደለም፦ አየሩ 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ክብደቱ የሚጨምረው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ለዚያውም የዛሬ መኪኖች ድሮውንም ቀዝቃዛ አየር ነው የሚስቡት። ኮፈኑን ከፍታችሁ ወደ ፊልትሮው ሳጥን አየር የሚያስገባውን ቱቦ ተከተሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ አፉ ከፊት መብራቱ አጠገብ ወይም ፓራፋንጎው ውስጥ፣ ከሞተሩ ሙቀት ርቆ ይገኛል። ርካሹ ሾጣጣ ፊልትሮ ግን ኮፈኑ ሥር ተራቁቶ ይቀመጣል። ዳገት ላይ በዝግታ የሚጎተት መኪና ኮፈኑ ሥር ምድጃ ነው። ውጭው 12 ዲግሪ ሆኖ ፊልትሮው ዙሪያ 60 ቢደርስ፣ ሞተሩ የሚስበው አየር 14 በመቶ ይቀልላል። ቀዝቃዛ አየር ብለው ገዝተው ትኩስ አየር አስገቡ ማለት ነው። ነፋሱ በሩጫ ተገፍቶ ይገባል የሚለውም አያስኬድም፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሮጡ እንኳ የሚጨመረው ግፊት ግማሽ በመቶ አይሞላም። በእርግጥ የሚጨምረው ድምፅ ነው። ድምፁን ለሚወድ ወጣት ክፋት የለበትም፤ ጉልበት ነው ብሎ የሚሸጥለትን ግን አላምነውም።

የጋይንት ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይለያል። እዚያ የጎደለው ቅዝቃዜ ሳይሆን ግፊት ነው። በ3,100 ሜትር የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ እንኳ አይሞላም። አንድ ሊትር ቤንዚን ለማንደድ ባሕር ዳርቻ 9 ሜትር ኩብ አየር ከበቃ፣ ነፋስ መውጫ ላይ 13 ያስፈልጋል። ተርቦ የሌለውንና በየገጠሩ የምናውቀውን ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ላንድክሩዘር እንውሰድ። ቆላ ላይ 130 የፈረስ ጉልበት የነበረው፣ እዚህ ሲደርስ በግምት ወደ 90 ወይም 95 ይወርዳል። ፓምፑ እንደ ቆላው ናፍጣ ከረጨ ደግሞ የተረፈው በጥቁር ጭስ ይወጣል። ቱቦ አስፍቶ ይህን ጉድለት መሙላት የሌለ ውሃ በትልቅ ባልዲ መቅዳት ነው።

ጉድለቱን የሚሞላው ተርቦ ነው። የጭሱን ግፊት ተጠቅሞ ይሽከረከርና ስሱን አየር ጠቅጥቆ ያስገባል። ሲጠቀጠቅ አየሩ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፤ ስለዚህ ወደ ሲሊንደሩ ከመግባቱ በፊት ኢንተርኩለር በሚባል ራዲያተር መሳይ ዕቃ ውስጥ አልፎ ይበርዳል። የእውነተኛው ቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ ስም ይገባው የነበረው ይሄ ነው። ኢንተርኩለሩ ጭቃ ከለበሰ ወይም ቱቦው ከተሰነጠቀ ባለ ተርቦውም መኪና ዳገት ላይ ይለግማል።

(በዚሁ አገር አየር የተቸገረው መኪና ብቻ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በዚሁ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ነው ያለፉት፤ ሞተሩ የሰው ሳንባ ነበር።)

አየር ጨርሶ የማያስፈልገው የኤሌክትሪክ መኪና ከፍታን አያውቅም። አሜሪካ ውስጥ ጫፉ 4,302 ሜትር በሆነው የፓይክስ ፒክ የዳገት ውድድር፣ በ2010 ዓ.ም. አንድ የቮልስዋገን የኤሌክትሪክ መኪና በ7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ገብቶ በነዳጅ የሚሄዱትን ሁሉ ክብረ ወሰን ሰብሯል። ጉናም ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። እኛም በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክለናል፤ ነባሩ አይሱዙና ሚኒባስ ግን ገና ለብዙ ዓመት ይተነፍሳል።

እስከዚያው ግን ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ገጠር ለሚገባ መኪና ጠላቱ አቧራ ነው። አቧራው አሸዋ አለበት፤ ከዘይት ጋር ተለውሶ ሲሊንደሩንና የፒስተኑን ቀለበት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል። ከዚያ ዘይት መብላት፣ ሰማያዊ ጭስ፣ በመጨረሻም ሞተር ማውረድ ይመጣል። የሾጣጣው ፊልትሮ ዋናው ጥፋት እዚህ ላይ ይታያል፦ አየር በቀላሉ የሚያሳልፍ ወንፊት አብዛኛውን ጊዜ አቧራም ያሳልፋል። በዘይት የሚርሰው የጥጥ ዓይነት ዘይቱ ከበዛበት የአየር መለኪያውን ሴንሰር ያቆሽሻል። ለእንዲህ ያለ መንገድ የሚረባው ስኖርክል ነው፤ የአየሩን አፍ ከፊት መኪና አቧራና ከወንዝ ውሃ በላይ፣ እስከ ጣሪያው ያደርሰዋል። ጉልበት አይጨምርም፤ ያለውን ያቆያል።

የወረቀት ፊልትሮ በኮምፕረሰር ሲነፋ አየሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚሰደደው፣ ለዚያውም በለዘብታ፤ ጠንክሮ የተነፋ ወረቀት በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያወጣል። ጥርጣሬ ካለ ከፊልትሮው ኋላ፣ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ ውስጥ ነጭ ጨርቅ ሰድዶ መጥረግ ነው። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ከወጣ አቧራው ፊልትሮውን አልፏል፤ የቱቦው ማሰሪያ፣ የሳጥኑ ጎማ ወይም ራሱ ወረቀቱ ዛሬውኑ መታየት አለበት።