ለቤት የሚሆን ኮምፒዩተር ሲገጣጠም

የፎገራ ሜዳ ሲነሣ ሩዝ፣ ወረታ ስትነሣ ደግሞ የሩዝ መፈልፈያዎቿ አብረው ይነሣሉ። የዛሬው ርእሳችን ግን በዚያች ከተማ የእናቶች መነጋገሪያ መሆን ስለሚገባው ሌላ ጉዳይ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። መልሱን እያወቀች ማውስ መያዝ ስላልለመደች ብቻ ሰዓት የሚያልፍባት ልጅ ታሳዝናለች። ይሁንና ለዚህ ተብሎ ከደመወዝ ተቆጥቦ ወይም ዕቁብ ወጥቶ የሚገኘው ገንዘብ ሁለት ጊዜ የሚገኝ አይደለም። ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቶ ለማስገጣጠም ያሰበች እናት ብሩ በቅድሚያ በምን ላይ መዋል እንዳለበት ማወቅ ይኖርባታል።

ከሁሉ በፊት ሊታሰብበት የሚገባው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ፓወር ሰፕላይ ነው። ይህ ክፍል ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ኮምፒዩተሩ ወደሚችለው 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ዝቅ ያደርጋል። የመፈልፈያ ሞተር ሲነሣ ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ ስለሚስብ በዚያው መስመር ላይ ያለው ቤት መብራቱ ደብዘዝ ሲል ይታያል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም እንዲሁ ኃይሉ ከልክ በላይ ሊሆን ይችላል። ከኬዙ ጋር «በነጻ» የሚሰጠው ቀላል ፓወር ሰፕላይ ይህን አይችልም። ሲቃጠል ደግሞ ብቻውን አይቃጠልም፤ ማዘርቦርዱንና የልጆቹ ሥራ የተቀመጠበትን ዲስክ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ተጨማሪ የምስል ካርድ ለሌለው የቤት ኮምፒዩተር 400 ወይም 450 ዋት ያለው፣ ስሙ የታወቀ ፓወር ሰፕላይ ይበቃል። በእጅ ሲመዝኑት ከበድ ማለቱም አንድ ምልክት ነው። ዩፒኤስ የተባለው ባለባትሪ መጠባበቂያ ሲታከልበት፣ መብራት ሲጠፋ ሥራን አስቀምጦ በደንብ ለመዝጋት የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ይገኛል። እኔ በበኩሌ ፕሮሰሰሩን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ ዩፒኤስ መግዛትን እመርጣለሁ።

ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ እንደ ድስትና ክዳን ናቸው፤ ልካቸው ካልገጠመ ጥራታቸው አይረባም። ዲዲአር4 የተባለው ራምም በዲዲአር5 ማዘርቦርድ ላይ አይገባም። በተለይ ከኢንቴል ፕሮሰሰር ስም መጨረሻ «ኤፍ» የተባለው የላቲን ፊደል ካለ፣ ያ ፕሮሰሰር የራሱ የምስል ክፍል የለውም ማለት ነው። ዋጋው ረከስ ስላለ ተገዝቶ ቤት ሲደርስ ሞኒተሩ ጨለማ ይሆናል። ዕቃው ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ከሆነ ደግሞ ለመመለስ የመንገዱ ወጪና ድካሙ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የሁሉንም ስምና ቁጥር በወረቀት ጽፎ፣ መግጠማቸውን ሻጩን አረጋግጦ፣ ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል።

ለትምህርት 8 ጊጋ ባይት ራም መነሻ ሲሆን፣ 16 ቢሆን ይመረጣል። ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን። ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር ለመግዛት የምታስብ እናት ደግሞ ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. እንዳበቃ ትወቅ። ዊንዶውስ 11 የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው።

ስለ ኬዝ ሲነሣ ልጆች በመስተዋት ተሸፍኖ ባለቀለም መብራት የሚያበራውን መምረጣቸው አይቀርም። ወረታ ላይ ግን ሩዝ ታጭዶ መፈልፈል ሲጀመር የገለባው ብናኝ በየቤቱ ይገባል። ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ወንፊቱም ወልቆ የሚታጠብ ኬዝ ይሻላል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ውሃው ወደ ቤት ለሚጠጋባቸውም ኬዙ ጠረጴዛ ላይ እንጂ ወለል ላይ አይቀመጥ። የእጃችን ሥራ የሆነውን ዳንቴል ቴሌቪዥን ላይ ማልበስ ልማዳችን ነው፤ ኮምፒዩተሩ እየሠራ ከለበሰ ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሲጠፋና ሲቀዘቅዝ ማልበስ ይቻላል።

ሞኒተር ለመግዛት መቸኮል አያስፈልግም። ቤት ያለው ቴሌቪዥን የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ካለው፣ ቀጣዩ ዕቁብ እስኪወጣ ድረስ እሱ ያገለግላል።