ቀለምና መረብ፦ የጦር መርከብ ሁለት ጭንቀቶች

የዮርዳኖስ ብቸኛ ወደብ ዓቃባ ከአማን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ይርቃል። በ1917 (ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የዓረብ ዐማፅያን ዓቃባን ከኦቶማኖች እጅ ሲያወጡ፣ የእንግሊዙ አድሚራል ዌሚስ የራሱን መርከብ «ዩሪያለስ»ን ወደዚያ ላከ። እንግሊዛዊው መኮንን ሎውረንስ በማስታወሻው እንዳሰፈረው፣ በደዊኖቹ የመርከብን ኃይል የሚገምቱት በጭስ ማውጫዋ ብዛት ነበር። ዩሪያለስ አራት ነበራት።

ለቅኝ ገዢዎች የጦር መርከብ ግማሽ ሥራው መታየት ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ የእንግሊዝ መርከቦች ጎናቸው ጥቁር፣ ከላይ ነጭ፣ ጭስ ማውጫቸው ደብዘዝ ያለ ቢጫ ነበር። በሞቃት ባሕር የሚያገለግሉት ሙቀት እንዲቀንስላቸው ጎናቸውም ነጭ ይቀባል። አሜሪካም ኃይሏን ለዓለም ለማሳየት በ1907 ያሰማራቻቸው 16 ነጫጭ መርከቦች በ1909 መጀመሪያ በቀይ ባሕርና በስዊዝ በኩል አልፈዋል።

የመድፍ ርቀት ሲጨምር ግን ይህ ጌጥ ዋጋ ማስከፈል ጀመረ። እንግሊዞች በ1903 ገደማ ወደ ግራጫ ዞሩ። በ1905 ሩስያውያን በቱሺማ ሲዋጉ ጎናቸው ጥቁር፣ ጭስ ማውጫቸው ቢጫ ነበር፤ ጃፓኖች ግን ግራጫ ለብሰው ጠበቋቸው። ለሽንፈቱ ብዙ ምክንያት ቢኖርም ቀለሙ ለጃፓን ተኳሾች ዒላማ መለየትን አቅልሎላቸዋል። በ1917 ሠዓሊው ኖርማን ዊልኪንሰን መርከብን በተቆራረጡ ባለብዙ ቀለም መስመሮች መቀባትን አመጣ። ዓላማው መሰወር አልነበረም፤ የጠላት ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ የመርከቧን አቅጣጫና ፍጥነት እንዲሳሳት ነበር። ምን ያህል እንደጠቀመ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ከውኃ በታች ለሚመጣው ግን ቀለም ምንም አይፈይድም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዋይትሄድ በራሱ የሚጓዘውን ቶርፔዶ የሠራው በ1866 ነው። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ለመዝመት ዙላ ላይ ጦሩን ሲያወርድ መሣሪያው ገና በሙከራ ላይ ነበር። መልሱ መረብ ሆነ፦ እርስ በርስ የተያያዙ የብረት ቀለበቶች፣ ከመርከቧ ጎን ወደ ውጭ በሚዘረጉ ረጃጅም ግንዶች ላይ ተንጠልጥለው ውኃ ውስጥ ይጋረዳሉ፤ ቶርፔዶው ጎኗን ሳይነካ እዚያው ይፈነዳል። ግንዶቹ ከጎኗ ጋር ተጣጥፈው፣ መረቡ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። መርከበኞች መረቡን ቶሎ በመዘርጋት ይወዳደሩ ነበር፤ አዛዦቻቸው በዚህ ትርኢት ይኮሩ እንደነበር ግልጽ ነው። ከባዱ ጉድለት ግን የታወቀ ነው፤ መረብ የዘረጋች መርከብ መሮጥ አትችልም። ስለዚህ የሚጠብቃት መልህቅ ጥላ ስትቆም ነው። ቶርፔዶ ሠሪዎችም ዝም አላሉም፤ አፍንጫው ላይ መቁረጫ ገጠሙለት።

በግንቦት 1915 በጋሊፖሊ ዳርቻ እንግሊዛዊቷ «ትራይምፍ» መረቧን ዘርግታ ሳለ ዩ-21 የተባለ የጀርመን ሰርጓጅ ቶርፔዶውን መረቡን አሳልፎ አሰጠማት። በማግስቱ ዓመት በጁትላንድ ውጊያ የጀርመኗ «ደርፍሊንገር» መረቧ በጥይት ተመትቶ ተንጠለጠለና ወደ ኋላ መቅዘፊያዋ ሊጠመጠም ስለተቃረበ፣ በውጊያው መሐል ቆማ ማንሳት ግድ ሆነባት። ብዙም ሳይቆይ መረቦቹ ከመርከብ ጎን ወረዱ። ከዚያ በኋላ መረብ በዋናነት የወደብ መከላከያ ሆነ። የዩሪያለስ እኅቶች «አቡኪር»፣ «ሆግ» እና «ክረሲ» ደግሞ በመስከረም 1914 በአንድ ማለዳ በአንድ ሰርጓጅ ሰጥመዋል፤ ወደ 1,460 ሰዎች አለቁ። መጀመሪያ የተመታችው አቡኪር ቀስ ብላም ቢሆን ትጓዝ ስለነበር መረብ ልትዘረጋ አትችልም ነበር።

ምፅዋም ከዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። በሚያዝያ 1941 ከምፅዋ የወጡት «ሳውሮ» እና «ማኒን» የተባሉ የጣልያን መርከቦች ወደ ፖርት ሱዳን ሲያመሩ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ሰጠሙ። በአድማስ ላይ የሚሸሽግ ግራጫ ከሰማይ ለሚያይ አይሰውርም። ወደቡ በወደቀበት ዕለት፣ ሚያዝያ 8፣ አንዲት ትንሽ የጣልያን ፈጣን ጀልባ እንግሊዛዊቷን ክሩዘር «ኬፕታውን»ን በቶርፔዶ መታች፤ መርከቧ ሳትሰጥም ተጎትታ ተረፈች።

የአሜሪካዋ መርከብ «ኦርካ» በ1962 «ኢትዮጵያ» ተብላ ምፅዋ ስትገባ ዘመኑ የራዳር ነበር። ተራ ቀለም ከራዳር አይደብቅም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በየዓመቱ በሚከበረው የባሕር ኃይል በዓል የአሜሪካ፣ የሶቪየት፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ወደ ምፅዋ ይመጡ ነበር፤ ሁሉም ለመታየት።