ይህ የሐበሻ እንቁላል ከማን ሳህን የመጣ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ እንቁላል ሁለት ዋጋ አለው፤ የፈረንጅ እና የሐበሻ። የሐበሻው በመጠን ያንሳል፤ አስኳሉ ግን ደማቅ ቢጫ ነው፣ ጣዕሙም ይለያል ይባላል፤ ስለዚህ ወደድ ይላል። ጂም የሚመላለሱ ጓደኞቼ እየመረጡ የሚገዙት እሱን ነው። ጠዋት አራት፣ ማታ ሁለት። ከመብላታቸው በፊት ፎቶ አንስተው ስቶሪ ላይ የሚለጥፉም አሉ፤ ይመቻቸው።

እኔ የስማዳ ልጅ ነኝና እንቁላሉ የሚመጣበትን መንገድ አውቀዋለሁ። ከዶሮዋ ሥር ይለቀማል፤ እንዳይሰበር ጭድ ወይም እህል ውስጥ ተቀብሮ ይጠራቀማል፤ የገበያ ዕለት እናቶች ተሸክመው ወገዳ፣ አርብ ገበያ፣ መካነ ኢየሱስ ወይም ነፋስ መውጫ ያወጡታል። እዚያ ሰብሳቢው ይረከባል። ከዚያ በኋላ በመኪና ነው፤ ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር፣ አንዳንዱም እስከ አዲስ አበባ። እንቁላሉ በወጣበት ቤት ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ከምናምን የሆነው ሕፃን አለ። እሱ የሚበላው እንጀራ በሽሮ ነው። ጠዋትም እሱ፣ ማታም እሱ።

እኛ አገር ቡቃያ አላድግ ሲል "ቀነጨረ" ይባላል። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ያው ቃል ለልጅ ያገለግላል፤ መቀንጨር። ልጁ ከስቶ አጥንቱ አይታይም፣ አይታመምም፣ ይጫወታል፤ ግን ለዕድሜው አጥሯል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ የአገሪቱ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በአማራ ክልል 46 በመቶ፤ ከክልሎች ሁሉ የከፋው ቁጥር ይኸው ነበር። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አጭር ጥናት የክልሉ ወደ 41 ወርዷል። መውረዱ ደግ ነው፤ አሁንም ግን ከአምስት ልጆች ሁለቱ ማለት ነው። ጤፍና ገብስ፣ ባቄላና ሽምብራ የሚያመርት ክልል ነው እንግዲህ።

በጋይንትም፣ በስማዳም፣ በእስቴም "ልጁ ምነው አጠረ?" ስትሉ የምታገኙት መልስ አንድ ነው። "ዘራችን ነው፤ አባቱም አጭር ነው።" ይህ መልስ ደስ ይላል፤ ማንንም አይወቅስማ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ይህንኑ ለማጣራት በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማን እና በአሜሪካ የተወለዱ ሕፃናትን ተከታትሎ ነበር። በደንብ ከተመገቡ፣ እናታቸው ካጠባቻቸው፣ በሽታ ካልተመላለሰባቸው፣ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት የሚያድጉት በሚገርም ሁኔታ ተመሳስለው ነው። የጋናው ልጅ ከኖርዌዩ ብዙም አይለይም። ዛሬ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የምታዩት የእድገት መለኪያ የተሠራው ከዚያ ጥናት ነው። የዘር ልዩነት የለም እያልኩ አይደለም፤ ከመቶ አርባ ምናምኑ ልጅ አጭር ሲሆን ግን ነገሩ ከአያት የመጣ ሳይሆን ከሳህን የጎደለ ነው።

በነገራችን ላይ ይህንን በስልክ ማጣራት ይቻላል። ሁለት ዓመት የሞላው የእህታችሁን ልጅ ግድግዳ አስጠግታችሁ በሜትር አስለኩ። ወንድ ከሆነ ከ81 ሴንቲ ሜትር፣ ሴት ከሆነች ከ79 ገደማ ካነሰ ቀንጭሯል ማለት ነው፤ የደህና ልጅ አማካይ ከ85 በላይ ነው። ችግሩ፣ በሁለት ዓመቱ ከታወቀ አብዛኛው ነገር አልፏል። አንጎሉ በፍጥነት የሚሠራው ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመቱ ባሉት ሺህ ቀናት ነው። በኋላ ሥጋ ብታበሉት ይወፍር ይሆናል እንጂ የጠፋውን ቁመትም ሆነ የትምህርት አቀባበል ሙሉ ለሙሉ አይመልሰውም።

ከእነዚያ ቀናት ውስጥ የመጀመሪያው ስድስት ወር እኛ አገር ብዙም አያስቸግርም፤ እናቶቻችን ማጥባት ያውቁበታል። ውሃም ሆነ አብሽ መጨመር እንደማያስፈልግ ከሰሙ ሌላው ይሄዳል። ጉዱ የሚጀምረው በስድስተኛው ወር፣ ምግብ ሲጀመር ነው። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ የአገራችን ሕፃናት በዓይነትም በድግግሞሽም ዝቅተኛውን መስፈርት ያሟላ ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ናቸው። ልጆቹ አልራቡም፤ ሆዳቸው ሙሉ ነው። የሞላው ግን በውሃ በቀጠነ አጥሚትና በእንጀራ ነው።

ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ይጎድላል። ሥጋው ለዓመት በዓል ነው፣ ወተቱ ላም ላለው ነው፣ ቅቤው ይሸጣል። በየቤቱ የማይጠፋው እንቁላል ነው። እሱንም ሁለት ነገሮች ከልጁ ያርቁታል፤ ጾምና ገበያ።

ስለ ጾም ስናገር በጥንቃቄ ነው፤ ቤታችን የጾም ቤት ነው፣ እኔም እጾማለሁ። ማንም እናት የአንድ ዓመት ልጇን "ጹም" አትልም። ቤተ ክርስቲያንም ልጅ መጾም የሚጀምረው ከ7 ዓመቱ ነው ብላ ታስተምራለች። ታዲያ ልጁ እንዴት ጾመኛ ይሆናል? በድስቱ ምክንያት ነው። ቤት ውስጥ ያለው አንድ ወይም ሁለት ድስት ነው፤ እንቁላል ከነካው ይገደፋል፣ ለትልቁ ሰው የጾም ወጥ ሊሠራበት አይችልም። ስለዚህ እናትየዋ ጣጣ ውስጥ ከምትገባ ልጁም ያው ሽሮውን ይበላል።

እስኪ እናስላው። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ሌሎቹም ሲደመሩ ለምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ነው፤ ግማሽ ዓመት በሉት። ልጁ ምግብ ከሚጀምርበት ከስድስተኛው ወር እስከ ሁለት ዓመቱ ያለው ጊዜ 18 ወር ነው። የዚህ ግማሽ 9 ወር። አንጎሉ በሚሠራበት ጊዜ ውስጥ 9 ወሩን ማንም ሳያዘው ጾሟል ማለት ነው፤ ለድስቱ ሲባል።

መፍትሔው አንዲት ጣሳ ናት። እንቁላል ቅርፊቱን ይዞ ስለሚቀቀል ዘይት አይፈልግ፣ ወጥ አይፈልግ። ለልጁ ብቻ የምትሆን ትንሽ ጣሳ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፤ አለቀ። ተቀቅሎ፣ ደቆ፣ ወፍራም ገንፎ ላይ ጣል ይደረጋል። ገንፎው ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ይሁን። የእርጉዟና የምታጠባው እናት ጉዳይ ከዚህ ከበድ ይላል። እርጉዟ በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ፣ የምታጠባዋ ሁለት ያስፈልጋታል። ብዙዎቹ ግን መጾም ግድ እንደማይሆንባቸው እያወቁም "ሰው ምን ይለኛል" ብለው ይጾማሉ። እዚህ ላይ የጤና ባለሙያዋ ከምትናገረው ይልቅ የንስሐ አባት አንድ ቃል ይሠራል። "አባ፣ እስኪ እርስዎ ይንገሩልን" ማለት ነውር የለውም።

ወደ ገበያው ልመለስ፤ ምክንያቱም ጾሙ ባይኖርም እንቁላሉ ቤት አያድርም።

ከተማ ያደገ ሰው "ለምን ለልጃቸው አያበሉም?" ሲል እሰማለሁ። ወንድሜ፣ እህሉም ከብቱም የአባወራው ሒሳብ ነው። እናት ማንንም ሳታስፈቅድ የምታዝበት ገንዘብ የእንቁላሉ ብቻ ነው። ጨው በእሱ ይገዛል፣ ሳሙና በእሱ፣ የልጅ ደብተርና እስክሪብቶ በእሱ፣ የዕድር መዋጮም አንዳንዴ በእሱ። እንቁላሉን ለሕፃኑ ስጪ ማለት ጨው አትግዢ ማለት ነው። ይህንን ያላሰበ ምክር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ደግሞም ብዛቱን እዩት። የአገር ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። ለአንድ ልጅ በሳምንት አራት ብንል በዓመት 208 ይሆናል፤ አራት አምስት ዶሮ ለእሱ ብቻ ማለት ነው። ከዚያው ላይ የሚፈለፈል ይቀመጣል። ፈንግል የገባ ዕለት ደግሞ ግቢው ባዶ ያድራል። ለፈንግል ክትባት አለው፤ ዓይን ውስጥ ጠብ የሚደረግም አለ፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ግን ዶሮ እንደ በሬ አይታይም፤ ለዶሮ ብሎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደጅ የሚጠና የለም።

በደቡብ ኢትዮጵያ ሐላባ ላይ የተሠራ ጥናት በጣም ወድጄዋለሁ። ዶሮዎቹ የተሰጡት ለአባወራው ሳይሆን ለሕፃኑ ነው፤ ሁለት ሁለት፣ የአገር ሽማግሌና የሃይማኖት አባት ባሉበት፣ ወላጆች እንቁላሉን ለልጁ ሊያበሉ ቃል ገብተው። እንቁላል የሚበሉት ልጆች ጨመሩ፣ መቀንጨሩም ቀነሰ። ዶሮዋ የልጁ ከሆነች መሸጥ ያሳፍራል፤ ይህንን የሐበሻ ቤት ያውቀዋል፤ ለልጅ ጠቦት ሰጥቶ "ያንተ ናት" ማለት የቆየ ነገር ነው። እንቁላል ተአምር ነው ለማለት አይደለም። ኢኳዶር ላይ በቀን አንድ እንቁላል ለስድስት ወር የተሰጣቸው ሕፃናት መቀንጨራቸው በግማሽ ገደማ ሲቀንስ፣ ማላዊ ላይ ያው ሲደገም በቁመታቸው ለውጥ አልታየም። ማላዊዎቹ ቀድሞውንም ዓሣ ይበሉ ነበር። ስማዳ ውስጥ የትኛው ዓሣ?

አንድ ነገር ሳልረሳ። ዶሮዋ ከሰው ጋር ቤት ውስጥ የምታድር ከሆነ ጥቅሟ በኩሷ ይጠፋል። የሚድህ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው፤ ሆዱ እየታወከ የበላው አይዋሐደውም። ከእንጨትና ከጭቃ የምትሠራ ትንሽ ቆጥ ከቤት ወጣ ብላ ትሠራ፤ የልጁም እጅ ይታጠብ።

መንግሥት ሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ይፋ ሲያደርግ በ15 ዓመት ውስጥ መቀንጨርን ለማጥፋት ነበር። ሰቆጣ ሩቅ አይደለችም፤ ጎረቤታችን ናት። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲኖሩ ተደርጎ ነበር፤ እኛም ቤት እየመጡ ምጥን ዱቄት እንዴት እንደሚዘጋጅ አሳይተዋል፤ ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ። ከዚያ ነሐሴ 2013 ላይ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህም አካባቢው ብዙ እፎይታ አላየም። መንገድ ሲዘጋ ቤት ለቤት መዞርም ይቆማል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከአንዱ ጎጆ ደጅ የሚደርሰው፣ ኔትወርክ ሲፈቅድ፣ የእኛ የልጆቹ ስልክ ነው።

ሁላችንም ገንዘብ እንልካለን። ቴሌብር ላይ ቁጥሩን ጻፍ፣ ላክ፣ "ደረሰሽ?"፣ "ደረሰኝ፣ ይባርክህ"። የት እንደሚገባ አንጠይቅም፤ ማዳበሪያ ይበላዋል፣ ብድር ይበላዋል፣ ድግስ ይበላዋል። እኔ አሁን በየወሩ ከምልከው ላይ የተወሰነውን ለይቼ እንቁላል እገዛበታለሁ፤ ከእናቴ። በሳምንት አራት እንቁላል፣ በወገዳ ገበያ ዋጋ፣ በቴሌብር። እንቁላሉ ግን ከግቢ አይወጣም፤ የሚበላው የእህቴ ልጅ ነው፣ አሥራ አንድ ወሩ። ጨውና ሳሙናው አልተጓደለም፣ እናቴም የራሷ ገንዘብ እጇ ላይ አለ። መጀመሪያ ስነግራት በጣም ነበር የሳቀችው። በገዛ ቤቷ እንቁላል ነጋዴ አደረግኳት። ጣሳዋ ላይ ግን ተከራክረናል፤ እሷ ጣሳዋ ከማድጋው አጠገብ እንኳ እንዳትቀመጥ አለች፣ እህቴ ከደጅ ምስማር ላይ ሰቀለቻት፣ በዚያው ጸና።

ባለፈው ሁዳዴ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ደወልኩ። የልጁ ክብደት ጨምሯል፣ ከግድግዳው ላይ ያለው የከሰል ምልክትም ጣት ታህል ወደ ላይ ሄዷል። ሒሳብ ስንተሳሰብ ግን እናቴ ዋጋ ጨምራ ጠበቀችኝ። ምነው ብላት ፋሲካ ደርሷል፣ ገበያው ተወዷል፣ ለዘመድ ብዬ አላረክስም አለች።