በውሃም በየብስም የሚጫወተው ባለ 8 ጎማ

ተከላካይም አማካይም ሆኖ የሚጫወት ልጅ ሲገኝ አሰልጣኞች እንዴት እንደሚሻሙበት ታውቃላችሁ። በሞተሩ ዓለምም እንዲህ ያለ ሁለገብ ተጫዋች አለ፤ አርጎ ይባላል። አገሩ ካናዳ ነው። ኦንታሪዮ ውስጥ ኒው ሃምቡርግ በምትባል ከተማ ይሠራል፤ የመጀመሪያው የወጣው በ1967 እ.ኤ.አ. ነበር።

መልኩ መኪናም ጀልባም አይደለም። አካሉ ወፍራም ፕላስቲክ ነው፤ ከታች እንደ ገንዳ ድፍን ስለሆነ ይንሳፈፋል። ስድስት ወይም ስምንት ሰፋፊ ጎማዎች ያሉት ሲሆን አየራቸው በጣም ጥቂት በመሆኑ ረግረግ ላይ ተዘርግተው ያልፋሉ። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኝ ጎማዎች ፍሬን ይያዛሉ፣ ልክ እንደ ታንክ። ሐይቅ ውስጥ ሲገባም የሚቀዝፉት እነዚሁ ጎማዎች ናቸው። ፍጥነቱን ግን አትጠይቁ! በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። እየመራ በ89ኛው ደቂቃ ተቀይሮ የሚወጣ ተጫዋች በሉት።

ደንበኞቹ በሰሜን ካናዳና በአላስካ መንገድ ካለቀበት ወዲያ የሚዘልቁ አዳኞችና ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ሙስ የተባለው ግዙፍ የአጋዘን ዘር ግማሽ ቶን ሊመዝን ይችላል፤ ሥጋውን ከረግረግ ውስጥ በጀርባ ማውጣት የዋዛ ሥራ አይደለም። በርካታ ባለ 8 ጎማ ሞዴሎች በየብስ 6 ሰው፣ በውሃ ላይ ግን 4 ብቻ ነው የሚጭኑት። ይህን ቁጥር የሚንቅ ሰው ጨዋታው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንደሆነ የረሳ ነው።

አዲሱ ርካሽ አይደለም። ቢሆንም ባለቤቱን የሚፈትነው ዋጋው ሳይሆን ከጉዞ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ኃይሉን ከካምቢዮ ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሱት ከወለሉ ሥር ያሉ ካቴናዎች ናቸው። ካቴና ደግሞ ይረዝማል፣ በተለይ አዲስ ሲሆን። ካልተወጠረና ዘይት ካልጠጣ ጥርሱ ላይ ይዘላል፣ ጥርሱን ይበላል፣ አንድ ቀን ይበጠሳል። የአንድ ጎን ካቴና ሐይቅ መሃል ከተበጠሰ ማሽኑ ወይ ይቆማል ወይ ባለበት ይሽከረከራል፤ ነፋሱ ደግሞ ወደፈለገው ይወስደዋል። የሕይወት ጃኬት የሌለው ሰው ያን ጊዜ ምን ይውጠዋል?

የአክስሎቹ ኩሽኔታም ግራሶ ይፈልጋል። ግራሶው ውሃና ጭቃን ወደ ውጭ ገፍቶ ስለሚያስወጣ ከውሃ ጉዞ በኋላ መጨመር የግድ ነው። ከዚያ ታፖው አለ። የገባ ውሃ የሚፈስበት ቀዳዳ መክደኛ ነው፤ ሲታጠብ ይከፈትና ይረሳል። ወደ ሐይቅ ከመግባት በፊት በእጅ ነክቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፣ ውሃ የሚያወጣውን ፓምፕም አስነስቶ መስማት። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ወለሉ ላይ የቀረ ውሃ በረዶ ሆኖ ካቴናውን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። በዚያ ሁኔታ ነዳጅ መስጠት ካቴናውን በራስ እጅ መበጠስ ነው።

አሮጌ አርጎ የሚገዛ ሰውም ቀለሙን ትቶ ወለሉን ያስከፍት። የካቴናውን ልልነት በእጁ ይሞክር፣ ጥርሱ መሾሉን ይይ፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየነቀነቀ ኩሽኔታውን ይፈትሽ። ሻጩ «ወለሉ አይከፈትም» ካለ ወደ ቤት መመለስ ነው።