ፈንጂ ያላስቆመው ጋዜጣ

ኦክቶበር 19 ቀን 1958 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሊነጋጋ ሲል፣ በሲሲሊ ዋና ከተማ በፓሌርሞ፣ «ሎራ» የተባለው ዕለታዊ ጋዜጣ ማተሚያ ቤት በፈንጂ ተናወጠ። ከማተሚያ ማሽኑ ከፊሉ ወደመ። ጋዜጣው ግን ሳይወጣ አልዋለም። የፊት ገጹን የያዘው ርዕስ «ማፍያ ያስፈራራናል፤ ምርመራው ይቀጥላል» ይል ነበር።

ሎራ ያጠፋው ነገር ቢኖር ስም መጥራቱ ነው። በዚያው ሳምንት የማፍያን ገመና የሚገልጥ ተከታታይ ዘገባ ጀምሮ፣ የኮርሌዮኔውን የማፍያ አለቃ ሉቺያኖ ሊጆን ከነፎቶግራፉ «አደገኛ!» ብሎ አወጣው። ዛሬ ይህ ተራ ነገር ይመስላል። ያኔ ግን ማፍያ የሚባል ድርጅት የለም ብለው የሚከራከሩ ሹማምንትና ካህናት ሞልተው ነበር። ሕዝቡም «ኦሜርታ» በሚሉት የዝምታ ሕግ አፉን ለጉሞ ይኖር ነበር።

ጋዜጣውን በ1900 ያቋቋሙት ባለመርከቦቹ የፍሎሪዮ ቤተሰብ ናቸው። ስም ያወጣው ግን ከ1954 እስከ 1975 ቪቶሪዮ ኒስቲኮ ዋና አዘጋጅ በነበረበት ጊዜ ነው። ከጀርባው የኮሚኒስት ፓርቲ ገንዘብ ነበር፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ሆኖም ፓርቲው ተቀናቃኞቹን ለመምታት ቢፈልገውም፣ ጋዜጠኞቹ የጻፉት እውነት ነበር። ዋጋውንም የከፈሉት እነሱ ናቸው።

በ1960 ወጣቱ ዘጋቢ ኮዚሞ ክሪስቲና ቴርሚኒ ኢሜሬዜ አጠገብ በባቡር ሐዲድ ላይ ሞቶ ተገኘ። ራሱን ገደለ ተባለና ፋይሉ ተዘጋ። በ1972 ደግሞ ራጉዛ ላይ ጆቫኒ ስፓምፒናቶ በጥይት ተገደለ። ገዳዩ የከተማዋ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ልጅ ነው፤ ስሙ ከአንድ የግድያ ምርመራ ጋር መነሳቱን ስፓምፒናቶ ጽፎ ነበር።

በሁለቱ መካከል የሎራው ጋዜጠኛ ማውሮ ዴ ማውሮ አለ። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1970 ማታ ቤቱ ደጃፍ ላይ መኪናውን አቆመ። ልጁ ከደጅ ሆና ስታይ፣ ከሰዎች ጋር መልሶ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አልታየም። በዚያ ሰሞን ለፊልም ሠሪው ፍራንቼስኮ ሮዚ መረጃ እያሰባሰበ ነበር። ጉዳዩ በ1962 ከሲሲሊ ተነስቶ ሲበር አውሮፕላኑ ወድቆ የሞተው የኤኒ ነዳጅ ድርጅት መሪ የኤንሪኮ ማቴይ የመጨረሻ ቀናት ነው። ዴ ማውሮ ምን መረጃ አግኝቶ እንደነበር ሲያነጋግር የኖረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ፈንጂ ያላስቆመውን ሎራን የገንዘብ እጦት አስቆመው። ሜይ 8 ቀን 1992 የመጨረሻ እትሙን አወጣ። በ15ኛው ቀን ማፍያን ሲፋለም የነበረው ዳኛ ጆቫኒ ፋልኮኔ ከባለቤቱና ከጠባቂዎቹ ጋር ካፓቺ አጠገብ አውራ ጎዳና ላይ በፈንጂ ተገደለ።

የዴ ማውሮ ጉዳይ ጋዜጣው ከሞተ በኋላም ፍርድ ቤት መመላለሱን አላቆመም። በግድያው የተከሰሰው የማፍያ አለቃ ቶቶ ሪና በ2011 ከዚህ ክስ ነፃ ተባለ። የዴ ማውሮ አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም።