ከበሮው የማን ነው? አድማጭን ለሁለት የከፈሉ የማርሽና የኦርኬስትራ ትርዒቶች ትዝታ

ሐዋሳ፦ በሐዋሳ ከተማ የከበሮ ድምፅ የማይሰማበት ወቅት ጥቂት ነው። በጥምቀት ታቦት ሲወጣ በመዘምራን ትከሻ ላይ የተንጠለጠለው ከበሮ ይመታል፤ በሊጉ ውድድር ዕለት ከደጋፊዎች መቀመጫ የሚነሳው ምት ከስታዲየሙ አልፎ ወደ ሰፈር ይደርሳል፤ በሕዝባዊ በዓላት ደግሞ የማርሽ ባንድ ሰልፉን ይመራል። ድምፁ ለጆሮ የተቀራረበ ቢመስልም ትርጉሙ እንደ ቦታው ይለያያል።

የማርሽ ባንድና የቀድሞ ኦርኬስትራዎች ወዳጆች ሲገናኙ ከሚያነሷቸው ጨዋታዎች አንዱም ይኸው ነው። ሁሉም ያጨበጨበለት ትርዒት ቶሎ ይረሳል፤ ከፊሉ አድማጭ ቆሞ ያጨበጨበለት፣ ከፊሉ ደግሞ ፊቱን ያዞረበት ትርዒት ግን ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላም ያከራክራል። የክርክሩን ሥር ለመረዳት ከበሮ በኢትዮጵያ የማን ድምፅ ሆኖ እንደቆየ መመልከት ያስፈልጋል።

ነጋሪትና የቤተ ክርስቲያን ከበሮ

ነጋሪት ለጭፈራ የሚመታ መሣሪያ አልነበረም። ስሙ እንደሚያመለክተው የሚናገር፣ የሚያውጅ ድምፅ ነበር። አዋጅ የሚነገረው፣ ክተት የሚታወጀው፣ ሹመት የሚገለጠው ነጋሪት ተጎስሞ ነው። ነጋሪት የማስመታት መብት በራሱ የማዕረግ ምልክት ስለነበር ማንም ተነስቶ ሊጎስመው አይችልም ነበር። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» ተብሎ መሰየሙም ይህንኑ የአዋጅ ታሪክ የተከተለ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ከበሮም የራሱ ሥርዓት አለው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሰፊውና ጠባቡ አፍ፣ የተጠፈረበት ጠፍርና የተሸፈነበት ጨርቅ ሁሉ ምሳሌያዊ ፍቺ ይሰጣቸዋል። ጠፍሩ በክርስቶስ ገላ ላይ ያረፈውን የግርፋት ሰንበር እንደሚያስታውስ ይነገራል። በዐቢይ ጾም ከበሮው ዝም ይላል። በመሆኑም ለብዙ ምእመናን ይህ መሣሪያ ከማኅሌት ወጥቶ በዘፈን መድረክ ላይ ሲታይ ጉዳዩ ከሙዚቃ ምርጫ ያለፈ ነው።

ነሐሱ ሲመጣ

ዘመናዊው የማርሽ ባንድ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከዓድዋ ድል በኋላ ባሉት ዓመታት ከሩሲያ በተላኩ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ነው። ሁለተኛውና ትልቁ ምዕራፍ የተከፈተው ደግሞ በ1916 ዓ.ም. ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም የሚኖሩ ወላጅ አልባ ወጣቶች ባንድ ሲጫወት ሰሙ። ወጣቶቹ በኦቶማን ዘመን ከደረሰው የአርመናውያን እልቂት የተረፉ ነበሩ። አርባዎቹ ወደ አዲስ አበባ መጥተው የቤተ መንግሥቱ ባንድ ሆኑ፤ በታሪክም «አርባ ልጆች» በሚል ስም ይታወቃሉ።

መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ለተፈጸመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ደረሰ። ነጋሪትና እምቢልታ ለዘመናት የያዙትን የአዋጅ ቦታ የነሐስ ድምፅ ይጋራው ጀመር።

የባንዶቹ ወዳጆች እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት አንድ ነጥብ ከዚህ ይነሳል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የተመሠረቱ ናቸው። ማሲንቆ ተጫዋች ድምፁን በጣቱ እያለሰለሰ፣ ዘፋኝም በጉሮሮው እያንቀጠቀጠ የሚያወጣው ለዛ በአውሮፓ መቃኛ ለተሠራ ጡሩምባ አስቸጋሪ ነው። ከፊሉ አድማጭ «ለዛው ጠፋ» ሲል፣ ከፊሉ ደግሞ የነሐሱን ግርማና የብዙ መሣሪያዎችን ኅብረት ወደደ። ሁለቱም የሚሉት ነገር በእውነት የሚሰማ ነበር።

ወታደሩ ሲዘፍን

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ተጠናከሩ። ሙዚቀኞቹ ማዕረግ ያላቸው ወታደሮች ነበሩ። ያው ክፍል በሰልፍ ቀን ማርሽ ይመታል፤ በመድረክ ምሽት ደግሞ የፍቅር ዘፈን ያጅባል። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ ከክቡር ዘበኛ፣ ሒሩት በቀለና ዓለማየሁ እሸቴ ደግሞ ከፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ጋር ስማቸው ይነሳል።

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በክቡር ዘበኛ አዛዥ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና በወንድማቸው በገርማሜ ንዋይ የተመራው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲከሽፍ፣ ጦሱ ለሙዚቀኞቹም ተረፈ። ጥላሁን ገሠሠ ከታሰሩት አንዱ ነበር። በዚያ ወቅት የነበሩ አድማጮች የፍቅር ዘፈንን በሰምና ወርቅ መንገድ መፍታት የለመዱ ስለነበሩ፣ «አልቻልኩም» የተሰኘውን የጥላሁንን ዘፈን ብዙዎች ከጊዜው ፖለቲካ ጋር አያይዘው ሰሙት። የአንድ ትርዒት ትርጉም በአቅራቢው ሐሳብ ብቻ ሳይሆን በሰሚው ልብም እንደሚወሰን የሚያሳይ አጋጣሚ ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓለማየሁ እሸቴ በአሜሪካ ዘፋኞች ስልት ፀጉሩን አበጥሮ፣ አካሉን እያወዛወዘ ሲዘፍን ወጣቱ ተደሰተ፤ ከአባቶች ወገን ግን «ይህ የእኛ ነውን?» የሚል ጥያቄ ተነሳ። ሙላቱ አስታጥቄም ከአሜሪካ ሲመለስ ቫይብራፎንና ኮንጋ ከበሮን ከኢትዮጵያ ቅኝቶች ጋር አዋሕዶ «ኢትዮ ጃዝ» ያለውን ስልት ሲያቀርብ አድማጩ ወዲያው በአንድ ልብ አልተቀበለውም። በ1966 ዓ.ም. ታላቁ የጃዝ ሰው ዱክ ኤሊንግተን ኢትዮጵያን ሲጎበኝ ሙላቱ አብሮት ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራዎቹ በፈረንሳይ በታተመው «ኢትዮፒክ» የአልበም ተከታታይ ሲወጡ ደግሞ ስልቱ በዓለም ዙሪያ አዲስ አድማጭ አገኘ። ቀድሞ እንግዳ የተባለው ድምፅ ዛሬ የአገር መለያ ሆኖ ይጠቀሳል።

መቃወም ያልተቻለበት ሰልፍ

የሁሉም ክርክር ርእስ ጣዕም ብቻ አይደለም። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ምሥረታ በአዲስ አበባ በታላቅ ድምቀት ተከበረ። ለዝግጅቱ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ አድርገዋል። በማርሽ ምት ረጅም ሰልፍ ሲያልፍ፣ በወሎ፣ በትግራይና በሌሎችም አካባቢዎች ገበሬው በድርቅና በጦርነት ሳቢያ በረሃብ ያልቅ ነበር።

በዚያ አደባባይ የተቃውሞ ድምፅ ማሰማት የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህም የአድማጩ እውነተኛ ምላሽ የተሰማው ዘግይቶ፣ በትዝታ ነው። የሰልፉን ሥርዓትና የባንዱን ጥራት የሚያደንቁ ሰዎች እንኳ ከሥዕሉ ጎን የረሃቡን ምስል ሳያስታውሱ ማለፍ ይቸግራቸዋል። ጭብጨባ ሁልጊዜ የስምምነት ማስረጃ እንዳልሆነ ይህ በዓል አስተምሯል።

ሌላው ዓለምስ?

እንዲህ ያለው ክርክር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1913 በፓሪስ የሩሲያዊው ኢጎር ስትራቪንስኪ የባሌ ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ፣ ኃይለኛ ምቱና ያልተለመደው ውዝዋዜ አዳራሹን በጩኸት ሞላው። ያው ሥራ ዛሬ ከክፍለ ዘመኑ ታላላቅ ድርሰቶች ይቆጠራል።

በአሜሪካ ደግሞ ወጣቶች ከበሮ፣ ጡሩምባና ሰንደቅ ይዘው በእግር ኳስ ሜዳ ላይ የሚወዳደሩበት «የከበሮ ጓድ» ውድድር አለ። ዳኞች ከመቶ ነጥብ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 «ስታር ኦፍ ኢንዲያና» የተባለው ጓድ ከተለመደው አስደሳች ዜማ ርቆ የባርበርንና የባርቶክን ከባድ ድርሰቶች ይዞ ቀረበ። ከፊሉ ተመልካች ተደነቀ፤ ከፊሉም ቅሬታውን በጩኸት ገለጠ። ጓዱ በፍጻሜው በነጥብ አንድ አሥረኛ ብቻ ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ፤ ከዚያም ውድድሩን ትቶ ወደ ቲያትር መድረክ አመራ። የውድድሩ ወዳጆች ስለዚያ ትርዒት ዛሬም ይከራከራሉ፤ ብዙዎቹ ቀድሞ የነቀፉት እንኳ የኋለኞቹን ጓዶች መንገድ እንደቀየረ ይመሰክራሉ።

ወደ ሐዋሳ ስንመለስ

ከእነዚህ ሁሉ ታሪኮች አንድ የጋራ ነገር ይወጣል። አድማጭ የሚከፈለው ከበሮው ከለመደው ቤት ወጥቶ ወደ ሌላ ቤት ሲገባ ነው፤ ከማኅሌት ወደ ዘፈን፣ ከጦር ሰፈር ወደ ፍቅር መድረክ፣ ከሜዳ ወደ ቲያትር። የሚቆጣው ሰው የሚጠብቀው ነገር ስላለው ይቆጣል፤ የሚያጨበጭበውም አዲስ ነገር ስለሰማ ያጨበጭባል።

በሐዋሳ ጉዱማሌ የሚከበረው ፊቼ ጫምባላላ ግን ሌላ መንገድ ያሳያል። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ይህ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓል አቅራቢና ተመልካችን አይለይም። ቄጣላው ሲጀመር ሽማግሌው ይመራል፣ ወጣቱ ይቀበላል፣ ከገጠር የመጣውም ከከተማ ነዋሪው ጋር ይቀላቀላል። ሁሉም ተሳታፊ በሆነበት ቦታ ከዳር ቆሞ የሚያሾፍ ተመልካች አይገኝም።

የስታዲየሙ ከበሮ በሁለቱ መካከል ይገኛል። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ያነሳባቸውን ዓመታት የሚያስታውሱ ደጋፊዎች ከጎሎቹ ጋር የዘመኑን ጭፈራም ያነሳሉ። ዛሬ ከተማዋ ሐዋሳ ከተማንና ሲዳማ ቡናን የሚደግፉ፣ በአንድ ሰፈር አንዳንዴም በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች አሏት። ያው ምት ቡድንን ሊያበረታታም፣ ተቃራኒን ሊያዋርድም ይችላል፤ በደጋፊዎች ስድብና ረብሻ ሳቢያ ክለቦች በገንዘብ መቀጣታቸው በአገሪቱ እግር ኳስ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ የሚወሰነው ከበሮውን በያዘው አስጨፋሪና ተከትሎት በሚያዜመው ሕዝብ ነው።

አባቶች «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላሉ። ከዳር ሆኖ መንቀፍ ቀላል ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የሚከተለውን ምት መያዝ ግን ኃላፊነት አለው። የማርሽ ባንዶችንና የኦርኬስትራዎችን ዘመን በጆሯቸው የሰሙ ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። በየቤቱ ያሉ አያቶች የትኛውን ትርዒት እንደወደዱ ብቻ ሳይሆን የትኛው እንዳስቆጣቸውና ለምን እንደሆነ ቢጠየቁ፣ ከመጻሕፍት የማይገኝ የአድማጭ ታሪክ ለቀጣዩ ትውልድ ይተርፋል።