ከመነጽሩ በፊት ፕሮፎርማው

ጠጋ በሉ፤ ይህን በሽያጭ ማሳያው አዳራሽ ውስጥ የሚነግራችሁ የለም። እኔ የዋጋ ማቅረቢያ ሶፍትዌር ከሚሸጡት ወገን ነኝ። የቤት ዕቃ የሚሠራ ወይም በርና መስኮት የሚገጥም ነጋዴ ሲመጣ የምናባዊ ምስል መነጽር እናጠልቅለትና ገና ያልተሠራ ሶፋ ዓይኑ ሥር እናቆምለታለን። ሰውየው ሊዳስሰው እጁን ይዘረጋል። ሻጭ ውሉን የሚያወጣው ያኔ ነው።

የማይነገረው ምንድን ነው? ያ ሶፋ አስቀድሞ ተስሎ የተቀመጠ ነው። የእናንተ ወንበርና ቁም ሣጥን እዚያ እንዲታይ ባለሙያ ተቀምጦ እያንዳንዱን መሳል አለበት፤ ሞዴል በቀየራችሁ ቁጥርም ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ከሥዕሉ ሥር ያለው ዋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኤክሴል የተገለበጠና አንድ ሰው በእጁ የሚያድሰው ዝርዝር ነው። ገንዘባችሁ ወደ ሥዕሉ ይሄዳል፤ የምትከስሩት ግን በዝርዝሩ ነው።

እስኪ ወደ ወረዳዎቹ፣ ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ እንምጣ። ነፋስ መውጫ ወይም መካነ ኢየሱስ ላይ የብረትና የእንጨት ሥራ ያለው ሰው ከዋና ደንበኞቹ መካከል የወረዳ መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ አሉ። ግዥው በፕሮፎርማ ከሆነ ከሦስት አቅራቢዎች ዋጋ ይሰበሰባል። ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት ብቻ ነው። የነጠላ ዋጋው ተባዝቶ ከድምሩ ጋር ይገጥማል? በአኃዝ የተጻፈው በፊደል ከተጻፈው ጋር አንድ ነው? 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ተካቷል ወይስ አልተካተተም? ርክክቡ ደብረ ታቦር ነው ወይስ ወገዳ? የመኪናውንና የጫኝ አውራጁን ሒሳብ ማን ይችላል? ቁጥሩ ላይ ስርዝ ድልዝ ካለ ዕቃው የቱንም ያህል ቢያምር ወረቀቱ ወደ ጎን ይደረጋል። የሰኔን ግዥ ያየ ያውቀዋል፦ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ፕሮፎርማው ዛሬ ተጠይቆ ዛሬ ይፈለጋል፤ ስሕተትም የሚበዛው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ልንገራችሁ። ነሐሴ 25 ቀን ለ15 ቀን የሚጸና ዋጋ ሰጣችሁ እንበል። ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን የሚያበቃው መስከረም 5 ነው፤ 6 ስትሆን ደግሞ መስከረም 4። የእኛን ዘመን አቆጣጠር ያልያዘ ሶፍትዌር ይህን ለጸሐፊዋ ትቶት ያልፋል። ሻጩ በመነጽሩ ሲኩራራ ይህን የሚጠይቀው ሰው ግን አላየሁም።

የሚያበቃበት ቀን ቀላል ነገር አይደለም፤ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በኤምዲኤፍ፣ በላሜራና በአሉሚኒየም የሚሠራ ሰው በትናንቱ ዋጋ ዛሬ መፈረም ፈራ። እንዲህ ባለው ጊዜ የሚያድነው የላሜራውን ዋጋ አንዴ ስትቀይሩ የሁሉንም በር ዋጋ አብሮ የሚያስተካክል፣ የዋጋውን ማብቂያ ቀን የማይረሳ ፕሮግራም ነው።

ኔትወርኩንም አትርሱ። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት ሶፍትዌር የገዛ ሰው በዚያን ጊዜ ወደ ካርቦኑና ወደ ካልኩሌተሩ ከመመለስ ሌላ ምን ምርጫ ይኖረዋል?

መነጽሩ ከንቱ ነው አልልም። ኢኬያ እ.ኤ.አ. በ2017 የቤት ዕቃውን በስልክ ካሜራ ሳሎን ውስጥ የሚያሳይ መተግበሪያ አውጥቷል፤ የሚያዋጣው አንዱ ሞዴል አንዴ ተስሎ እጅግ ለበዛ ገዥ ስለሚሸጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ ገና ያልታነጸ አፓርታማ ዋሽንግተን ላለ ገዥ ለሚሸጥም ይጠቅማል። ነገር ግን የአፕሉ መነጽር ቪዥን ፕሮ እ.ኤ.አ. በ2024 ገበያ የወጣው በ3,499 ዶላር ነው፤ ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት የራሱን መነጽር ሆሎሌንስ 2ን ማምረት አቁሟል። በልክ የሚሠራ የነፋስ መውጫ ባለሙያ በዚህ ገንዘቡን የሚያስርበት ምክንያት አይታየኝም። ውጭ አገር ሆኖ ደብረ ታቦር ቤት ለሚያሠራ ደንበኛው ከዚህ በፊት የሠራውን በር ፎቶ ከፕሮፎርማው ጋር በቴሌግራም ይላክለት፤ ይበቃዋል።

እንግዲህ ሻጭ ሲመጣባችሁ መነጽሩን ከማጥለቃችሁ በፊት የስልኩን ዳታ አጥፉና «ወገዳ ድረስ የሚደርስ የ40 ኮምባይን ዴስክ ፕሮፎርማ አውጣልኝ» በሉት። ታክሱን ለይቶ፣ የጭነቱን ሒሳብ ጨምሮ፣ ድምሩን በፊደል ጽፎ፣ የሚጸናበትን ቀን በእኛ አቆጣጠር አስፍሮ ማተም ካልቻለ አትፈርሙ።